ዝናቡ የት ሄደ?

ከእኔና ከባለቤቴ፣ ከሁለቱ ልጆቻችንም ሌላ፣ ስድስት ደባሎች ለ11 ዓመት አብረውን ኖረዋል። አምስቱ ስፒከሮች ናቸው። ስድስተኛው በሳሎኑ ጥግ ተጎልቶ ሲያጉረመርም የሚውለው፣ «ባስ» የምንለው ሣጥን ነው። በላያቸው ደግሞ ሁሉንም የሚያዛቸው፣ ዲቪዲ ማጫወቻም ድምፅ ማጉያም የሆነው ዋናው ዕቃ አለ። ጠቅላላ ስማቸው «ሆም ቴአትር» ይባላል።

በ1999 ዓ.ም. ስገዛው በሰፈራችን ሆም ቴአትር የሌለው ሳሎን ሳሎን አይባልም ነበር። ቡፌው ላይ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ዘበኛ የመሰሉ ሁለት ስፒከሮች፣ ከሥሩ አንድ፣ ከሶፋው ኋላ ሁለት። እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚቀርብለት ቡና ሳይሆን ባሱ ነበር። «እስቲ ልብህ ላይ ይሰማህ እንደሆነ» እለዋለሁ። እንግዳውም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይሰማል!» ይለኛል። ሌላ ምን ይበል!

ነገሩ የመጣው ከሲኒማ ቤት ነው። ዶልቢ ዲጂታል የሚባለው፣ ድምፅን በአምስት አቅጣጫና በአንድ ባስ የሚያከፋፍለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1992 ባትማን ሪተርንስ በተባለው ፊልም ተጀመረ። ዲቪዲ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመጣ ያንኑ ወደየሰው ቤት አስገባው። ሐሳቡ ተመልካቹ መሐል ተቀምጦ ጥይቱ ከፊቱ ተተኩሶ ከኋላው እንዲያርፍ ነው። ለዚህም ሲባል ከዋናው ዕቃ ወደ እያንዳንዱ ስፒከር አንዳንድ ገመድ ይዘረጋል። ገመዱ በምንጣፍ ሥር፣ በበር ጠርዝ፣ በሶፋ ጀርባ ይሄዳል። ባለቤቴ ወለል በወለወለች ቁጥር የምታወርድብኝን ቃል እዚህ አልጽፈውም፤ የቤት ገመና ነውና።

እናቴ ይህን ጉድ ያየችው በጃፓን ርዳታ የተሠራው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በተመረቀ ማግሥት፣ በ2001 ዓ.ም. ነበር። ከአምበር አውቶቡስ ይዛ፣ ደጀንን አልፋ፣ ያንን በረሃ ወርዳ ወጥታ መጣች። የክብር ቦታ ብዬ ሶፋው መሐል አስቀመጥኋትና ፊልም ከፈትሁላት። ከኋላዋ አንድ ሰው ሲያንሾካሹክ ክው ብላ ዞረች።

«ማነው ከኋላዬ?»

«ማንም የለም እማ፣ ዕቃው ነው።»

«ታዲያ ምን ሥራ አለው ከጀርባዬ? ከጀርባ የሚያወራ ሐሜተኛ ነው» አለችና ተነሥታ በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። በኩራት የሞላሁት ደረቴ ተነፈሰ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ከዋናው ዕቃ ጀርባ ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች ነበሩ። በእነሱ በኩል አንድ አሮጌ የካሴት ቴፕ አያይዤ ነበርና የአባቴን ካሴት አስገባሁ።

የዚህን ካሴት ነገር ሳልተርክ ወደፊት መሄድ አልችልም።

አባቴ የአምበር ገበሬ ነበር። በልጅነቱ ዲማ ጊዮርጊስ ሄዶ ቅኔ ቆጥሯል። ዲማ በቅኔ ጉባኤው የታወቀ ደብር ነው፤ ሀዲስ ዓለማየሁም ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚሰበሰበው ሬዲዮ ያለው ሰው ቤት ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ለአንድ ምሽት ያህል ያገለግላል። አርባ ሰው በአንድ ሳጥን ዙሪያ ትንፋሹን ይውጣል። ድምፁ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ይመጣል፤ የጎደለ ነገር አለ ያለ ሰው ግን አልነበረም። አባቴ ወጋየሁን «ይህ ሰው አንደበቱ ቅኔ የቆጠረ ነው» ይለው ነበር።

በ1985 ዓ.ም. እኔ አዲስ አበባ ሥራ ይዤ ገና ዓመቴ ነው። የአባቴ ዐይን ደክሟል፤ ደብዳቤ በሰው እጅ ማስጻፍ ደግሞ አይወድም፤ «ምሥጢሬን ጸሐፊው ቀድሞ ይሰማዋል» ይላል። ስለዚህ የአንድ ነጋዴ ጎረቤታችንን ቴፕ ተውሶ፣ ድንጋይ ገዝቶ፣ ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ደብዳቤውን ተናገረው። ያን ዘመን በካሴት መላላክ የብዙ ቤት ልማድ ነበር። አባቴ ግን እንደሚጻፍ ደብዳቤ አድርጎ ነው የተናገረው። «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብሎ ይጀምርና ቀኑንና ወሩን ይጠራል። ከዚያ ከብቶቹን በየስማቸው፣ ጤፉን፣ የሞተውንና የተወለደውን፣ ያገባውንና የፈታውን ይዘረዝራል። መጨረሻ ላይ ምክሩን ሰጥቶ ስሙን ይናገርና ዝም ይላል። ካሴቱ የ60 ደቂቃ ነው፤ እሱ ግን ሁለተኛ ገጽ እንዳለው ስላላወቀ በአንዱ ገጽ ብቻ 30 ደቂቃውን ጨርሶታል። ካሴቱ በመንገደኛ እጅ አውቶቡስ ተራ ድረስ መጣልኝ። አባቴ በ1994 ዓ.ም. ዐረፈ። ሌላ ድምፅ አልተወልንም።

እንግዲህ እናቴ ያን ቀን በርጩማዋ ላይ ሆና የሰማችው ይህን ነው። የኋላዎቹን ስፒከሮች አስጠፋችኝ። «አባትህ ከፊቴ ሆኖ ነው የሚናገረው» አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። መሐል ላይ ፈገግ ብላለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኋትም።

ዓመታት አለፉ። ወደ ኮንዶሚኒየም ገባን። አዲሱ ሳሎን ከሶፋው ኋላ አንድ ስንዝር ቦታ እንኳ የለውም። አንዱን የኋላ ስፒከር ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ ሌላውን ልጆቹ በኳስ መትተው ገደሉት። ገመዱን አይጥ ቀረጠፈው። የዲቪዲው ዐይን ታወረ። ልጆቹም ፊልም የሚያዩት በስልክ ሆነ። በ2010 ዓ.ም. አንድ ቀን ትልቁ ልጄ የአንድ ኪሎ ስኳር የምታህል ጥቁር ነገር አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረና ከስልኩ ዘፈን ከፈተ። ገመድ የለ፣ ማከፋፈያ የለ። ድምፁ ሳሎኑን ሞላው። ዋሸሁ እንዳልባል፣ ከእኔ ጉልቻዎች ጥርት ብሎ ነው የተሰማው።

ብሉቱዝ ይባላል፤ ሰማያዊ ጥርስ ማለት ነው። ስሙ የተወሰደው በ10ኛው መቶ ዘመን ዴንማርክን ከገዛው ከንጉሥ ሃራልድ ቅጽል ነው። ንጉሡ የተበታተኑትን አንድ እንዳደረገ ሁሉ፣ ይህም ስልኩንና ኮምፒዩተሩን፣ ስፒከሩንና ማዳመጫውን ያዛምዳቸው በሚል ነው። ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ ኢንቴል፣ አይ ቢ ኤምና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1998 ማኅበር የመሠረቱለት ዘዴ ነው። ጉድለት የለውም አይባልም። ድምፁ በስልኩ ውስጥ ተጨምቆ፣ በአየር ተልኮ፣ ስፒከሩ ውስጥ እስኪፈታ ድረስ ቅንጣት ያህል ይዘገያል። በዘፈን አይታወቅም፤ በፊልም ግን አንዳንዴ የሰውየው ከንፈር ይቀድምና ቃሉ ይከተላል። ይህም ቢሆን የቤቱ ጉባኤ በአንድ ድምፅ ወሰነ፦ ሆም ቴአትሩ ይውጣ።

ቅዳሜ ጠዋት «ቁራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ልጅ ጠራሁት። ስድስቱን ደባሎች፣ አለቃቸውንና አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ገመድ አስረከብሁት። የሰጠኝ ገንዘብ አንድ ምሳ አያበላም። ሊሄድ ሲል ቡፌው ላይ የቀረውን የካሴት ቴፕ አየና «ጋሼ፣ ይሄንንስ ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምን ያደርግልኛል! የሚሰካበት ቀይና ነጭ ቀዳዳ ከሄደ ወዲያ! «ውሰደው» አልሁት። ሳሎናችን ያን ቀን በእጥፍ ሰፋ። ባለቤቴም ከንጋት እስከ ማታ ስትዘፍን ዋለች።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ከመግባቱ በፊት እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኗል። «ጉልበቴ ከዳኝ ልጄ። ከእንግዲህ አዲስ አበባ አልመጣም። ለጥምቀት ስትመጣ የአባትህን ድምፅ ይዘህልኝ ና።»

«እሺ እማ» አልሁ። ስልኩን ዘግቼ ግን ላብ አሰመጠኝ። ካሴቱ በመሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ የማጫውትበት ነገር የለም። አዲሷ ስፒከር ከሰማይ የሚወርድ ነገር እንጂ በገመድ የሚመጣ አታውቅም።

ካሴት ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥ ሰው አፈላልጌ አገኘሁ። ጎበዝ ባለሙያ ነው፤ ሥራውንም አክባሪ። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ላይ ጫነልኝና አሰማኝ። የአባቴ ድምፅ ቅቤ የጠጣ መስሎ ወጣ። ሽሽሽ የሚለው የካሴት ጩኸት የለም። «አጥርቼልሃለሁ» አለኝ። በደስታ ከተስማማነው በላይ ከፈልሁት።

አምበር ስደርስ መሽቶ ነበር፤ መብራትም ጠፍቷል። ሆም ቴአትሬን ተሸክሜ መጥቼ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር? አዲሷ ስፒከር ግን ባትሪዋን ሞልታ ከኪሴ ወጣች። እናቴ ከተኛችበት መደብ አጠገብ አኖርኋት። ኩራዙ በራ፣ ጎረቤት ገባ፣ እህቴ ጀበናዋን አስቀመጠች። እንደዚያ እንደ ሬዲዮው ዘመን ሁሉም ወደ አንዲት ትንሽ ነገር ዞረ። እኔም በልቤ «ይኸው ከ11 ዓመት ኪሣራ በኋላ ትክክለኛውን ዕቃ ገዛሁ» አልሁ።

አባቴ ተናገረ። «ለጤናህ እንደምን አለህ...»

አሮጊቶቹ አለቀሱ። እናቴ ግን አላለቀሰችም። ጆሮዋን ወደ ስፒከሯ አስጠግታ፣ አንዳች የጠፋት ነገር እንደምትፈልግ ሰው ግንባሯን ቋጥራ ሰማች። ሲያልቅ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዝናቡ የት ሄደ?» አለችኝ።

«የምን ዝናብ እማ?»

«ያን ቀን ዝናብ ነበር። የነሐሴ ዶፍ! ቆርቆሮው ይጮህ ነበር። እዚያ ቤትህ የሰማሁ ጊዜ ነበረ።» ትንሽ ዝም አለች። «እኔም ነበርሁ። ከጓዳ ሆኜ ተናግሬያለሁ። እኔንስ ወዴት አደረግኸኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ከአሥር ዓመት በፊት በርጩማው ላይ ሆና ለምን ፈገግ እንዳለች ያን ጊዜ ገባኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ ባለሙያውን ጠየቅሁት። በትሕትና አስረዳኝ። ኮምፒዩተሩ ሰው በማይናገርበት ቦታ ያለውን ሽሽታ ያጠናና ያንን ከጠቅላላው ላይ ይቀንሳል። ከተወሰነ ልክ በታች የሆነውን ድምፅ ደግሞ ጭራሹን ይዘጋዋል። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ለማሽኑ ከካሴት ሽሽታ አይለይም። ከጓዳ የሚመጣ የሴት ድምፅም ከልኩ በታች ነው። ያልጠራውን ቅጂ አላስቀመጠውም ነበር። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ አጥራልኝ ባልለውም ጠርቶ ሳየው ደስ ያለኝ እኔ ነኝ።

ምናለሽ ተራ ወረድሁ። ያ መንደር የከተማው ሁሉ ጥሎት የሄደ ነገር የሚሰበሰብበት ነው። የእኔን ዕቃዎች የመሰሉ ስፒከሮች እንደ ማገዶ ተከምረው አየሁ። የእኔን ቴፕ አላገኘሁትም፤ ወንድሙን ግን አገኘሁ። ለቁራሌው ከሰጠሁበት በብዙ እጥፍ ገዛሁት። የውስጡ ጎማ ቀልጦ ስለነበር አንድ ሽማግሌ ቴፕ ሠሪ ሌላ ጎማ ገጠመልኝና ራሱን በአልኮል ጠረገልኝ። ከዚያ ወደ ባለሙያው ተመልሼ «ምንም እንዳትነካው» አልሁት። እንደወረደ ገለበጠው። ሽሽታው፣ ዶፉ፣ የአባቴ ሳል፣ ሁሉም ተመለሰ። በ19ኛው ደቂቃ አካባቢ፣ አባቴ ስለ ጤፉ ሲናገር፣ ከሩቅ አንዲት ሴት «ብርድ ልብስ እንዳለው ጠይቀው!» ትላለች። አባቴ አልሰማትም፤ ወሬውን ቀጠለ። እኔም ለ26 ዓመት አልሰማኋትም።

ስፒከሯን እናቴ ዘንድ ትቻት መጥቼ ነበር። ሚሞሪ ካርድ ትቀበላለች። ድምፁን በካርድ ጭኜ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ተራ ሄጄ ለአንድ የአገሬ መንገደኛ ሰጠሁት። ካሴቱ በመጣበት መንገድ ተመለሰ ማለት ነው።

አንባቢዬ፣ የገመድ ጫካ በቤትዎ ካለ ንቀሉት፤ እኔም በመንቀሌ አልጸጸትም። ብቻ ቁራሌውን ከመጥራትዎ በፊት እያንዳንዱን ገመድ ይከተሉ፤ ጫፉ ላይ ማን እንዳለ ይዩ።

በአምስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ከወዲያ በኩል ሰላምታ የለም፤ የሚሰማው የዝናብ ድምፅ ብቻ ነው። ወሩ የካቲት ስለነበር የየትኛው ዝናብ እንደሆነ ገባኝ። ከቆይታ በኋላ እናቴ ተናገረች።

«ታዲያ ያኔ ብርድ ልብስ ነበረህ?»

«አልነበረኝም እማ» አልኋት።

«አውቄው ነበር» አለች።