ከውሃ በታች የዋሸሁት ውሸት

እኔ ዋና የለመድኩት ላንጋኖ ነው። ፀሐዩ ጀርባ ያቃጥላል፣ ውሃውም ለብ ያለ ነው። ዋናና ብርድ ይገናኛሉ ብዬ አስቤም አላውቅ። ለካስ ጉዱ የሚጠብቀኝ ሲያትል ኖሯል!

እጮኛዬ እዚያው ያደገች ናት። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ነፍሷ ነው። እኔም ከእሷ ላለማነስ ኮርሱን ወስጄ ወረቀቱን ያዝኩ። ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ፒዩጀት ሳውንድ ወረድን። ውሃው 8 ዲግሪ ገደማ ነበር። እሷ ውሃ የማያስገባውን ድራይሱት፣ ከውስጡም ወፍራም ሱፍ ለብሳለች። እኔ 7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የኪራይ ዌትሱት። «ይበርድሃል፣ አንተ ሰው!» ብትለኝ «ወንድ ልጅ ብርድ አይፈራም» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ይባስ ብሎ ቁርስም አልበላሁም።

የመጀመሪያውን እንደምንም ተወጣሁት። በሁለተኛው ግን... ምን ልበላችሁ! 20 ሜትር ላይ ጥርሴ እየተንገጫገጨ መተንፈሻውን መንከስ አቃተኝ። ዞር ብላ በጣቷ «ደህና ነህ?» አለችኝ። አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን አገናኝቼ «ደህና ነኝ» አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ፤ ደግሜ ዋሸኋት። ወዲያው ወደ ታች መስመጥ ጀመርኩ። ጃኬቴን አየር የሚሞላውን ቁልፍ ልጫን ብል ጣቴ የኔ አይደለም! ደርሳ የተጫነችልኝ እሷ ናት። ቀስ እያልን ወጣን።

መኪና ውስጥ እንዲህ አለችኝ፤ «ለብርዱስ ልብስ ይገዛለታል። ከታች እየዋሸኸኝ ግን እንዴት አብሬህ እወርዳለሁ?» መልስ አልነበረኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሰርጋችንን ነገር አላነሳችም።

ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። ውሃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ከሰውነት ይወስዳል። ዌትሱት የሚያሞቀው ውስጡ ባሉት ጥቃቅን አረፋዎች ነው። 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው 3 እጥፍ ስለሚሆን አረፋዎቹ ተጨምቀው ልብሱ ይሳሳል። ለቀዝቃዛ ውሃ ድራይሱት ይሻላል፤ ግን ወደ ላይ ሲወጡ ውስጡ ያለው አየር ስለሚሰፋ ማስወጣቱን ሳይሠለጥኑ አይሞከርም። ከሥሩ ሱፍ እንጂ ጥጥ አይለበስም፤ ጥጥ ከራሰ አያሞቅም። ቆብና ወፍራም ጓንትም የግድ ነው።

አንድ ወዳጄ «ሁለት መለኪያ ካቲካላ ገፋ አድርግበት» ብሎኝ ነበር። እንዳትሰሙት! አረቄ ቆዳ ያሞቀ ይመስላል እንጂ የደም ሥሮችን ከፍቶ የውስጥ ሙቀትን ያባክናል። እንደወጡ ወዲያው በሙቅ ውሃ መታጠብም አይመከርም፤ ሰውነት ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራ ይችላል። ደረቅ ልብስና ትኩስ ሻይ ይበቃል።

አሁን ድራይሱት ገዝቻለሁ፤ ሥልጠናውንም ጨርሻለሁ። አንድ ምልክትም ለምጃለሁ። ሁለት እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ክንድን ማሻሸት «በረደኝ» ማለት ነው። ባለፈው ወር 15 ሜትር ላይ አሳየኋት። ምንም ሳታንገራግር ይዛኝ ወጣች። መኪና ውስጥ ከፔርሙስ ሻይ እየቀዳችልኝ የሰርጉን ነገር ራሷ አነሳችው።