ሁለቱ ሰሜን ሸዋዎች፦ እነዋሪ አድሮ ጀማን ማየት

በአገራችን ካርታ ላይ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው። አንዱ በአማራ ክልል ነው፤ ዋና ከተማውም ደብረ ብርሃን። ሌላው በኦሮሚያ ክልል ነው፤ ዋና ከተማውም ፍቼ። የሁለቱም ደጋ ሜዳ ሆኖ ሄዶ ሄዶ በድንገት በገደል ይቆረጣል። ከገደሉ ሥር የጀማ ወንዝና ገባሮቹ ሁለቱንም ዞኖች እየሸነሸኑ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ።

ይህን አገር ከሁለቱም ወገን ማየት የሚፈልግ የአዲስ አበባ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው “አልጋ ስንት ነው?” ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ሁለተኛ ይሁን። የመጀመሪያው ጥያቄ “ከገደሉ በየትኛው አፋፍ እንደር?” የሚለው ነው። በገደል አገር ዐይን በአንድ አፍታ የሚሻገረውን መኪና ግማሽ ቀን ሊዞርበት ይችላል። ርካሽ አልጋ በተሳሳተው ዳር ከተያዘ፣ የተረፈው ገንዘብ በነዳጅ ያልቃል፤ ልጆቹም ቀኑን መኪና ውስጥ ይውላሉ።

ለምን እነዋሪ?

እነዋሪ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር የደሴ መንገድ ነው፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ከተማዋ የምትገኘው ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። የጎብኚ ከተማ አይደለችም። ሆቴሎቿም የተሠሩት ለነጋዴ፣ ለመንግሥት ሠራተኛና ለሾፌር ነው። ዋጋቸው ለቤተሰብ የሚቀመሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወረዳው ስሙን ያገኘው ሞረትና ጅሩ ከሚባሉ ሁለት የቀድሞ አውራጃዎች ስም ነው። የጅሩ ሜዳ ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ምስርና ጓያ ያበቅላል። መረሬ ክረምት ላይ ውሃ ስለሚቋጥር የአካባቢው ገበሬዎች ከነሚስትና ልጆቻቸው በእጃቸው ሰፋፊ መደብ እየሠሩ ውሃውን ያንጠፈጥፉ ነበር። ተቀማጭነቱ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ የእንስሳት ምርምር ማዕከል፣ በተለምዶ “ኢልካ” የሚባለው፣ በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ መደቡን በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ከሞከረባቸው ቦታዎች አንዷ እነዋሪ ነበረች። ለልጆቻችሁ ከመንገዱ ዳር ማሳውን እያሳያችሁ የምትነግሩት ታሪክ ነው።

ስለ ሥጋ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ጅሩን በሰንጋው ያውቀዋል። እርሻ የበቃው በሬ ቤት ታስሮ በእጅ እየተቀለበ ይደልባል፤ በበዓል ሰሞንም ለገበያ ይወጣል። እነዋሪ ላይ ጥብስ ወይም ቁርጥ መብላት ታዲያ የጉብኝቱ አካል ነው። ረቡዕ፣ ዓርብና በዐቢይ ጾም የምትሄዱ ከሆነ ግን በትንንሽ ከተሞች የምታገኙት የጾም ምግብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለሕፃናት ወተትና እንቁላል አስቀድማችሁ ያዙ።

ሦስት ማደሪያ፣ ሦስት ዓይነት ጉዞ

ደብረ ብርሃን ማደር ይቻላል። የሆቴል ምርጫው ሰፊ ነው፤ ሙቅ ውሃና ደህና መኪና ማቆሚያ ለማግኘትም ይቀላል። ትንሽ ሕፃን ወይም አረጋዊ ወላጅ ይዛችሁ ከሆነ ለመጀመሪያው ሌሊት ይህ ይሻላል። ጉድለቱ ገደሉ ጋ የምትደርሱት ፀሐይ ከወጣች ብዙ ቆይታ መሆኑ ነው።

እነዋሪ ማደር ጠዋቱን ይሰጣችኋል። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ጭላዳ ዝንጀሮ የሚያድረው ገደል ላይ ነው፤ ማለዳ ወደ አፋፉ ይወጣና ሣር ይግጣል። ሸለቆውም ጉም ሳይሸፍነውና ሙቀቱ ሳያደበዝዘው የሚታየው ያኔ ነው። በዚሁ ወረዳ ውስጥ የደብረ ብሥራት አቡነ ዜና ማርቆስ ገዳም አለ፤ ታሪኩ ወንጌል በሸዋ ከተስፋፋበት ከ13ኛውና ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። ገዳም ለመሄድ የምታስቡ ሴቶችና ወንዶች እስከ የት መግባት እንደሚፈቀድ ከተማው ላይ ጠይቁ፤ ነጠላም አትርሱ።

ሦስተኛው ማደሪያ የማዶው ነው፤ ደብረ ሊባኖስ ወይም ፍቼ። በጎጃም መንገድ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ገዳም አቡነ ተክለ ሃይማኖት የመሠረቱት ነው፤ ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል ነበር። በትውፊት አቡነ ዜና ማርቆስ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዘመድ ናቸው። ዛሬ በሁለት ክልል የተከፈሉት ሁለቱ ገዳማት በታሪክ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳትና ምእመናን ፈጅቷል፤ ለትልልቆቹ ልጆች ከመግባታችሁ በፊት ንገሯቸው። በቅርቡ “የፖርቱጋል ድልድይ” የሚባለው የድንጋይ ድልድይ አለ። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ያሠሩት የሰላሌው ገዥ ራስ ዳርጌ እንደሆኑ ይነገራል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። ሁለት ሌሊት ካላችሁ በአንድ ቦታ አትጨርሷቸው፤ አንዱን በዚህ ዳር፣ ሌላውን በዚያ ዳር እደሩ። አንድ ሌሊት ብቻ ካላችሁ አንዱን ዳር ምረጡና ሌላውን ለሚቀጥለው ጊዜ ተዉት።

አልጋ ከመያዛችሁ በፊት

በእነዋሪ ደረጃ ባሉ ከተሞች ፎቶግራፍ አይቶ አልጋ መያዝ አያዋጣም። ከቀትር በኋላ በጊዜ ድረሱ፤ አንድ ሰው መኪና ውስጥ ከልጆቹ ጋር ይቆይ፣ ሌላው ወርዶ ሁለት ሦስት ቦታ ይይ። የሚታየው ይህ ነው፦

ውሃ። “ውሃ አለ?” ሲባል መልሱ ሁልጊዜ “አለ” ነው። ቧንቧውን ራሳችሁ ክፈቱት። ግቢው ውስጥ ሮቶ መኖሩንና መሙላቱን እዩ። ሙቅ ሻወር ከተባለ ማብሪያውን አስነክታችሁ ጥቂት ጠብቁ።

ድምፅ። ብዙው አልቤርጎ ፊቱ ግሮሰሪ ወይም ምግብ ቤት ነው። ከሙዚቃው የራቀውን የጓሮ ክፍል ጠይቁ። በገበያ ዋዜማ ከተማው ስለሚሞላ የገበያ ቀኑን አስቀድማችሁ እወቁ።

ብርድ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ለአንድ አልጋ ሁለት ብርድ ልብስ ጠይቁ፤ ለልጆች የራሳችሁን ብትይዙ ደግሞ የተሻለ ነው። ከብርዱ የተነሣ እነዋሪ ላይ የወባ ትንኝ አያሰጋም፤ ወደ ጀማ ቆላ ወርዳችሁ የምታድሩ ከሆነ ግን አጎበር ያስፈልጋችኋል።

አልጋው። አንሶላውን ገልጣችሁ የፍራሹን ስፌት እዩ፤ ትኋን የሚደበቀው እዚያ ነው። የበሩ ቁልፍ ከውስጥ መቆለፉን፣ የጋራ ከሆነም ሽንት ቤቱ ሌሊት መብራት ያለበት መንገድ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ከልጅ ጋር የሚነሣ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል።

መኪና። ዘበኛ ያለው የተከለለ ግቢ ካለ ጥቂት ብር መጨመር ያዋጣል።

ሒሳቡ

የአልጋ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እዚህ ቁጥር አንጽፍም። አወዳደሩን ግን እንዲህ አድርጉት። ቤተሰቡ ስንት ክፍል እንደሚፈልግ፣ ልጅ ከወላጅ ጋር ሲተኛ ጭማሪ ይጠየቅ እንደሆነ፣ ቁርስ መካተት አለመካተቱንና ከአልጋው እስከምታዩት ቦታ የሚፈጀውን ነዳጅ በአንድ ላይ ደምሩ። ሁለት ትንንሽ ክፍል ብዙ ጊዜ ከአንድ “ፋሚሊ” ክፍል ይረክሳል። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር ስለማይሠራ ለሁለት ቀን የሚበቃ ጥሬ ብር ያዙ። ቀብድ ከከፈላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ለመመዝገቢያ መታወቂያ ስለሚጠየቅ እያንዳንዱ አዋቂ የራሱን ይያዝ፤ በየኬላውም ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ ትልቁ ቁጠባ ግን ከተማው ውስጥ ማውጣት ነው። ምሳን ከአዲስ አበባ ጭኖ ከመሄድ እዚያው መብላት፣ መንገድ ለማሳየት የሚመጣን ወጣት ዋጋ ተነጋግሮ መያዝ፣ ምስሩንና ጤፉን ከገበያው ሸምቶ መመለስ ይሻላል። እናንተም በርካሽ ትሸምታላችሁ፤ ጎብኚ ብዙም የማያያት ከተማም ለሚቀጥለው ቤተሰብ የተሻለ ክፍል ለማዘጋጀት ምክንያት ታገኛለች።

ለመሻገር

ወደ ማዶው የሚያሻግረው አስተማማኙ መንገድ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ዞሮ በጎጃም መንገድ መውጣት ነው። በለሚ በኩል ወደ ሙከጡሪ የሚያወጣውን የምታስቡ ከሆነ፣ መኪናችሁ ይችለው እንደሆነ መናኸሪያው ላይ ሾፌሮችን ጠይቁ። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚወርደው የጀማ ቁልቁለት በወፍ ተመልካቾች ዘንድ ስመ ጥር ነው፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖረውን “የሐርዉድ ቆቅ” ፍለጋ ከውጭ አገር ድረስ ይመጡበታል። በሐምሌና በነሐሴ ግን መረሬው መኪና ይይዛል፤ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት። ጥር 24፣ ግንቦት 12፣ ነሐሴ 24 እና ታኅሣሥ 24 ደብረ ሊባኖስ በምእመናን ስለሚጥለቀለቅ በዙሪያው አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። ከዚያም በላይ በሁለቱም ዞኖች የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት እዚያ ከሚኖር ሰው ወይም ከአገር አቋራጭ ሾፌር አጣሩ። “አሁን ይቆይ” ካሏችሁ ይቆይ። ገደሉ የትም አይሄድም፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱት በሰላም ለመመለስም ጭምር ነው።