የማድ ቤት ሲሊንደር በላዳ ኮፈን

«መኪናዬን ወደ ጋዝ ባስቀይረው ያዋጣኛል? አደጋስ የለውም?» የሚል ጥያቄ ሰሞኑን ከብዙ ሰው ስለደረሰኝ ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ። ጽሑፉ ይረዝማል። የቸኮለ ሰው መጨረሻውን ያንብብ፤ ሲሊንደር ሊያስገጥም የተነሳ ሰው ግን ከመሃሉ ባይዘል ይሻለዋል።

ጥያቄው ለምን እንደመጣ ግልጽ ነው። በሰኔ 2014 መጨረሻ አንድ ሊትር ቤንዚን 47.83 ብር ሲገባ ጉድ ብለን ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101.47 ብር ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ አልቆመም። በመሃሉ፣ በጥር 2016፣ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። ገንዘብ ያለው ኤሌክትሪኳን ገዛ። የሌለው ያቺኑ ቪትዝ፣ ያቺኑ ኮሮላ፣ ያቺኑ ላዳ እያስጠገነ ይኖራል። መኪና መቀየር ያልቻለ ሰው ነዳጅ ስለመቀየር ቢያስብ አይፈረድበትም።

ጭንቀቱን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ቸርችል ጎዳና ይቁም። ከለገሃር ተነስቶ ፖስታ ቤትን፣ ጥቁር አንበሳን እያለፈ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ መንገዱ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ከአደባባዩ በላይ እስከ ማዘጋጃ ቤት ያለችው ዳገት ግን ሌላ ናት። አራት ሰው የጫነች ላዳ ያቺን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትወጣ ሹፌሩ አንገቱን ወደ ነዳጅ ጌጁ ሰበር ያደርጋል። ሲመለስ ደግሞ ያችኑ የጠጣችበትን ሊያስመልስ ሞተር አጥፍቶ በፍሪ ይለቃታል። (ይሄን የምታደርጉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። ሞተሩ ካልያዛት ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ከታች ደግሞ የሊሴ ተማሪ ያቋርጣል።)

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አንጻር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ ጉልበቱ ገና ሳይነሳ ሩቡ ተቀንሶበታል። የድሮ ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ትርፉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጋዝ በካርቡሬተር በኩል ሲገባ ደግሞ የአየሩን ቦታ በከፊል ስለሚወስድ ጉልበቱ ጥቂት ይቀንሳል። «በጋዝ መኪናው ይበራል» የሚላችሁ ካለ የማዘጋጃ ቤቱን ዳገት አብሯችሁ ይውጣ።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ጋዝ የምለው ቡታጋዙን ነው፤ በግፊት ፈሳሽ የሆነውን ፕሮፔንና ቡቴን። በሊትር ሲለካ ከቤንዚን ያነሰ ጉልበት ስላለው መኪናው ከ20 እስከ 30 በመቶ የበለጠ ሊትር ይበላል። እኛ ግን ጋዝ የምንገዛው በኪሎ ስለሆነ ሒሳቡን በኪሎ መሥራት ይቀላል፤ አንድ ኪሎ ጋዝ የ1.4 ሊትር ቤንዚን ያህል ሥራ ይሠራል። ቤንዚን 101.47 በነበረበት ጊዜ ብንወስደው፣ አንድ ኪሎ ጋዝ ከ142 ብር በታች ካልተገኘ በጋዝ መንዳት ኪሳራ ነበር። በ12.5 ኪሎ ሲሊንደር ስናባዛው ወደ 1,775 ብር ይመጣል። ዛሬ የቤንዚኑን ዋጋ አውጡ፣ በ1.4 አባዙ፣ በ12.5 አባዙ፤ ከዚያ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሊንደር ስታስሞሉ ከከፈላችሁት ጋር አስተያዩት። ብዙዎቻችሁ እዚሁ ላይ ማንበብ ታቆማላችሁ ብዬ እገምታለሁ።

ልዩነቱ ያዋጣል የሚል ሰው ቢኖር እንኳ ሌሎች ወጪዎች አሉ። የመለወጫ ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፤ ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ያ ምን ማለት እንደሆነ መለዋወጫ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ጋዝ ደረቅ ሆኖ ስለሚቃጠል በአንዳንድ ሞተር ላይ የቫልቭ መቀመጫ ይበላል። ካንዴላና የካንዴላ ገመድ ደካማ ከሆነ በካርቡሬተር በኩል መልሶ ይተኩሳል። ጥቅሙንም ልናገር፤ ዘይቱ ቶሎ አይጠቁርም፣ ጭሱም ይቀንሳል።

ጋዙ ራሱስ? እንደ ቤንዚኑ በዶላር ተገዝቶ ነው የሚመጣው። በቱርክና በፖላንድ በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና በጋዝ የሚነዳው መንግሥታቱ ጋዙ ላይ ከቤንዚን ያነሰ ቀረጥ ስለጣሉበት ነው። የቀረጡ ልዩነት ከተነሳ ትርፉ አብሮ ይነሳል። «የካሉብ ጋዝ ወጣልን እኮ» የሚለኝም አለ። በመስከረም 2018 የተመረቀው የካሉብ ምርት ሜቴን ነው፤ ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 160 ዲግሪ አካባቢ ሲቀዘቅዝ ነው። ሲሊንደሩም ዕቃውም ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ከቡታጋዝ ጋር አታምታቱት።

አሁን ወደ አደጋው። በፋብሪካ ደረጃ የተገጠመ የመኪና ጋዝ ከቤንዚን ይብሳል የሚል እምነት የለኝም። የሆንግ ኮንግና የደቡብ ኮሪያ ታክሲዎች ለዓመታት የሠሩት በዚሁ ጋዝ ነው። በሩሲያ የኛን የመሰሉ ላዳዎች ከኋላ ሲሊንደር ጭነው መሄዳቸው ተራ ነገር ነው። ሲሊንደሩ ከቤንዚን ታንከር ይልቅ እጅግ ወፍራም ብረት ነው። እንዲያውም ነዳጅ ሲጠፋ ቤንዚን በጀሪካንና በሃይላንድ ሞልቶ ከወንበር ሥር ይዞ የሚዞር ሰው «ጋዝ እፈራለሁ» ሲለኝ ይገርመኛል።

ሰውን የሚያድነው ግን የብረቱ ውፍረት ብቻ አይደለም። ጥር 1999 እ.ኤ.አ. ሊያልቅ ሲል፣ በፈረንሳይ ሊዮን አጠገብ ባለችው ቬኒስዩ፣ በጋዝ የምትሄድ አንዲት የቆመች መኪና በእሳት ተለኮሰች። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሊያጠፉ ሲጠጉ ሲሊንደሩ ፈነዳ፤ ስድስት ሰዎች ክፉኛ ቆሰሉ። ሲሊንደሩ ግፊት ሲበዛበት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ቫልቩን አስገዳጅ አደረገች። ዛሬ በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 67 መሠረት የሚሠራ ሲሊንደር 80 በመቶ ሲሞላ ራሱ ይዘጋል፤ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ያስፈልገዋልና። ግፊቱ 27 ባር ሲደርስ ያስተነፍሳል። ሞተር ሲጠፋ በኤሌክትሪክ ይቆለፋል። ቱቦው በግጭት ቢበጠስ ፍሰቱን ራሱ ያቆማል።

ሰዉ መኪናው ላይ ሊያስገጥመው የሚያስበው የማድ ቤት ሲሊንደር ግን ይህ ሁሉ መከላከያ የለውም። የተሠራው ወለል ላይ ተቀምጦ ለምድጃ ትንሽ ትነት እንዲሰጥ ነው። ሞተር ደግሞ ከምድጃ ብዙ እጥፍ ይጠይቀዋል። ያን ያህል ትነት ሲወጣበት ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ላብ ያወጣል፣ ቀጥሎ ከግርጌው ነጭ ውርጭ ይይዛል፤ ግፊቱም ይወድቅና መኪናዋ ዳገት መሃል ላይ ትጠፋለች። ያኔ «ዘዴ» ይመጣል፤ ሲሊንደሩን ገልብጦ ፈሳሹን ራሱን ማውጣት። ፈሳሹ ለትነት ተብሎ በተሠራ ሬጉሌተርና የጎማ ቱቦ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። በትክክለኛው የመኪና ዕቃ ግን ፈሳሹ በራዲያተሩ ሙቅ ውሃ በሚሞቅ መሣሪያ ተንኖ ነው ወደ ሞተር የሚሄደው።

ጋዙ ካመለጠስ? ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ ወለል ይዞ ይተኛል። በፒያሳም በቸርችልም ያሉ አዳዲስ ሕንጻዎች መኪና የሚያቆሙት ምድር ቤት ነው፤ የሰበሰበውን ጋዝ ለማቀጣጠል አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃል። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው የባሕር ሥር ዋሻ መኪና የሚያሻግረው ባቡር ለዓመታት በጋዝ የሚሄድ መኪና አልጫነም።

ጋናም ትምህርት ትሁነን። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝቡ ከሰል ትቶ ደን እንዲተርፍ ተብሎ ጋዝ በርካሽ ሲቀርብ፣ ብዙው የገባው ታክሲ ውስጥ ነበር። እዚህም ያው ነው የሚሆነው። ማደያዎቻችን ላይ የቤንዚንና የናፍጣ መቅጃ እንጂ ለመኪና የሚሆን የጋዝ መቅጃ አላየሁም። ስለዚህ ላዳው የሚጠጣው ጋዝ ወጥ ሊሠራበት የነበረ ነው፤ ሲሊንደር ሲጠፋ ደግሞ ወደ ከሰል የምትመለሰው እናት ናት።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ አሁን ባለንበት ሁኔታ አታስገጥሙ። ለመኪና የሚቀዳ ጋዝ ማደያ ላይ ሲመጣ፣ ደረጃውን የጠበቀ ሲሊንደር ሲገባ፣ ቦሎ ስናድስ ደግሞ ፍሬንና መብራት ብቻ ሳይሆን ቫልቭና ቱቦ የሚፈትሽ የሠለጠነ ሰው ሲኖር እንደገና እንነጋገር። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ስለዚህ ጉዳይ ለሕዝቡ አንድ ግልጽ መመሪያ ቢያወጣ ደግሞ ጋራዥ ለጋራዥ ከሚዞረው ወሬ ይገላግለናል። እስከዚያው ካርቡሬተራችሁን ለዚህ ከፍታ አስተካክሉ፣ የአየር ማጣሪያና ካንዴላ ቀይሩ፣ ጎማ በልኩ አስነፉ። ዳገቱ ላይ የሚታይ ለውጥ ታገኛላችሁ።

የተሳፈራችሁበት ታክሲ ውስጥ ጋዝ ከሸተታችሁ ወዲያው አስቁሙ። ሞተር ይጥፋ፣ ሲጋራ አይለኮስ፣ ስልክ እዚያው አትነካኩ፤ በሩን ክፍት ትታችሁ ወደ ዳገቱ በኩል ራቁና 939 ደውሉ።