ፊልትሮ በዓይን አይገዛም

ዘይት የሚቀይር ሰው ስለ ዘይቱ አጥብቆ ይጠይቃል። ስንት ቁጥር ነው? ኦርጅናል ነው? ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል? ፊልትሮው ላይ ሲደርስ ግን «የቪትዝ ስጠኝ» ብሎ ያልፋል። ባለሱቁም አንዱን ከመደርደሪያ ያወርዳል፤ የተባለው ከሌለ ደግሞ «ይሄም ይገባል» ይላል። ብዙዎቻችን በዚህች ቃል ተማምነን ከፍለን እንወጣለን። እኔ ግን ይህች ቃል ልታሳስበን ይገባል እላለሁ።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ቆማችሁ አመራረጡን ተመልከቱ። አሮጌው ፊልትሮ ዘይት እንደተለወሰ ባንኮኒው ላይ ይቀመጣል፣ አዲሱ ከጎኑ ይቆማል። ቁመቱ ከተቀራረበ፣ ውፍረቱ ከተመሳሰለ፣ ቀዳዳው እኩል ከመሰለ ግዢው አለቀ። ችግሩ ያለው እዚያችው ቀዳዳ ላይ ነው። በርካታ የቶዮታ ሞተሮች የሚጠቀሙት የ3/4 ኢንች ጥርስ ነው፤ በሚሊሜትር 19.05 ማለት ነው። ሆንዳና ሃዩንዳይ ደግሞ በብዙ የቤንዚን ሞተሮቻቸው ላይ የ20 ሚሊሜትር ጥርስ ይጠቀማሉ። ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የ20ውን ፊልትሮ በ3/4ቱ ላይ ብታዞሩት ይገባል፤ የጎማ ቀለበቱ ሞተሩን ሲነካም የጠበቀ ይመስላል። የያዘው ግን በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው። የዘይት ግፊት ሲመጣበት ሊላቀቅ ይችላል። ያን ጊዜ ዘይቱ አስፋልት ላይ ይዘረገፋል፣ ቀዩ መብራት ይበራል፣ ሹፌሩ ዳር ይዞ እስኪያቆም ብሮንዚናው ሊበላ ይችላል። በአንዲት ርካሽ ዕቃ የተነሳ ሞተር ማውረድ ይመጣል።

ጥርሱ ቢገጥም እንኳ በዓይን የማይታይ ሌላ ነገር አለ። በብዙ ፊልትሮ ውስጥ ሁለት ቫልቮች አሉ። አንደኛው፣ ወረቀቱ በቆሻሻ ሲደፈን ወይም ዘይቱ በብርድ ሲወፍር ተከፍቶ ዘይት በቀጥታ ወደ ሞተሩ ያሳልፋል፤ ሞተር ያለ ዘይት ከሚዞር ያልተጣራ ዘይት ቢያገኝ ይሻላልና። ይህ ቫልቭ በስንት ግፊት እንደሚከፈት ከሞተር ሞተር ይለያያል። አንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቫልቩ በራሳቸው አካል ላይ ስላላቸው ፊልትሯቸው ያለ እሱ ይሠራል። ያንን ፊልትሮ ቫልቭ ለሌለው ሞተር ብታስሩለት የመጠባበቂያ መንገዱን ዘጋችሁበት ማለት ነው። ሁለተኛው ቫልቭ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከፊልትሮው ወደ ኮፓው ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዛል። ፊልትሮው በጎኑ ወይም ተገልብጦ በሚታሰርባቸው መኪኖች ላይ በጣም ያስፈልጋል። ጠዋት ስታስነሱ ለጥቂት ሰከንድ የሚንኳኳና ከዚያ የሚጠፋ ድምፅ ከሰማችሁ መጠርጠር ካለባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ቫልቭ ነው።

ስለዚህ ፊልትሮ መጠየቅ ያለበት በመኪናው ስም ሳይሆን በሞተሩ ኮድና በዕቃው ቁጥር ነው። ቪትዝ የምንላት መኪና ራሷ አንድ አይደለችም። የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 1 ሊትሯ 1ኤስዜድ-ኤፍኢ፣ ባለ 1.3ቷ 2ኤንዜድ-ኤፍኢ የሚባል ሞተር ይዘው የወጡ አሉ፤ በሁለተኛው ትውልድ ባለ 1 ሊትሩ 1ኬአር-ኤፍኢ ሆነ። ኮሮላንም እንይ። አሜሪካ የተሸጠው የ2008 ሞዴል የሚዞር የቆርቆሮ ፊልትሮ ሲኖረው የ2009 ሞዴሉ ባለ 1.8 ሊትር በቤቱ ውስጥ የሚገባ የወረቀት ማጣሪያ ብቻ ነው የሚቀየርለት። ዋሽንግተን አካባቢ ኮሮላ የምትነዱ ወገኖቼ የአንድ ዓመት ልዩነት ምን እንደሚያመጣ ከዚህ ታያላችሁ። በቶዮታ አጠራር 90915 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር የቆርቆሮው፣ 04152 ብሎ የሚጀምረው የወረቀቱ ነው። የሞተሩ ኮድ በብዙ ቶዮታዎች ላይ ኮፈኑን ስትከፍቱ በምትታይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ያዙት። ሐኪም ያዘዘልንን መድኃኒት ቀለሙን አይተን አንገዛም፤ ይህም እንደዚያው ነው።

«ጃፓን ከሆነ ይሻላል» የሚለውም ብቻውን መለኪያ አይሆንም። ቶዮታ ራሱ በስሙ የሚሸጣቸው ፊልትሮዎች ታይላንድን በመሰሉ አገሮችም ይመረታሉ። ከሌላ ፋብሪካ የወጣም ቢሆን፣ ፋብሪካው በካታሎጉ ለሞተራችሁ ኮድ የመደበው ከሆነ ያለ ስጋት ይታሰራል። «ትልቅ ከሆነ ብዙ ያጣራል» ብለው ረዘም ያለውን የሚመርጡም አሉ። ቁልቁል የሚታሰር ፊልትሮ ሲረዝም ወደ መሬት እንደሚቀርብ፣ የእኛን መንገድና ድንጋዩን አስቡ።

ይህን ሁሉ የምለው መኪና ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ስለሆነ ነው። በራይድ የሚሠራውን ወጣት፣ ልጆቿን በአንዲት አሮጌ ያሪስ የምታመላልሰውን እናት አስቡ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያለው ሞተር ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ግድ ሆኗል። ያን ዕድሜ ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ ይህ ትንሽ ዕቃ ነው።

ስታስቀይሩ ቆማችሁ ተመልከቱ። የአሮጌው ጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን አረጋግጡ፤ በሁለት ቀለበት የታሰረ ፊልትሮ ዘይት ያፈስሳል። አዲሱ ቀለበት በአዲስ ዘይት ይቀባ። ቀለበቱ እስኪነካ በእጅ ይዙር፣ ከዚያ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ የዙር ሦስት አራተኛ፣ ይጥበቅ። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ከስር እዩ።

መካኒክ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። ዘይት ስትቀይሩ ኪሎ ሜትሩን በካርድ ላይ ትጽፋላችሁ። ከእሱ ስር የሞተሩን ኮድና ያሰራችሁትን ፊልትሮ ቁጥርም ጻፉ። ባለቤቱ ሌላ ከተማ ቢሄድ፣ መኪናው ቢሸጥ፣ የሚቀጥለው መካኒክ በግምት አይሠራም። የሚወስድባችሁ ግማሽ ደቂቃ ነው፤ ለማታውቁት ሰው ግን ሞተሩን ታተርፉለታላችሁ።