ላጋውን ተሻግረን እስከ ሱቅ

በዚህ እትም ሩቅ አገር አንወስዳችሁም። የምንጓዘው እዚሁ ካኩማ ውስጥ ነው፤ ከብሎካችን ተነስተን፣ ላጋውን ተሻግረን እስከ ሱቆቹ። አብረውን የወጡት በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ አንድ ጋሼና ማየት የተሳናት አንዲት እህታችን ናቸው።

ካምፑ ከተቋቋመ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንትና ስንት ነገር ተሠራ፤ አሸዋው ግን ያው አሸዋ ነው። ሲሚንቶ ላይ የሚንሸራተተው ዊልቸር ላጋው ጋ ሲደርስ የፊት ትንንሽ ጎማዎቹ ይሰምጡና በቃ፣ ቆመ! ጋሼ ዘዴ አላቸው። ዊልቸሩን አስዙረው ወደ ኋላ ያስጎትቱታል፤ ትልልቆቹ ጎማዎች ስለሚቀድሙ አይሰምጥም። ጎማው በነፋስ የሚሞላ ከሆነ አሸዋ ላይ ይሻላል፣ ግን የማቴንጌ እሾህ ይጠብቀዋል። ድፍኑ ጎማ እሾህ አይፈራም፣ ድንጋይ ላይ ግን አጥንት ያንቀጠቅጣል። እንግዲህ ዊልቸር ሲታደል «ተረክቤያለሁ» ብሎ ከመፈረም በፊት የፊት ጎማው ስፋት ይታይ እንላለን። ጠባብ ከሆነ ለዚህ አገር አልተሠራም።

ሱቅ ደረስን። እዚህ ደግሞ ችግሩ የእህታችን ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ባምባ ቻኩላ በሚባለው አሠራር የራሽኑ ከፊል በስልክ መምጣት ሲጀምር፣ ፒን ቁጥር የየቤቱ ቁልፍ ሆነ። ተራው ስልክ ቁጥር ለመምታት አያስቸግራትም ነበር፤ አምስት ቁጥር ላይ የምትዳሰስ ነጥብ አለች፣ ከእሷ ተነስቶ ሌላውን በጣት መቁጠር ነው። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ጽሑፍ ግን አይናገርም፤ ሲዘገዩበትም ይዘጋል። ስለዚህ ፒኗን ለባለሱቁ ትነግረው ነበር። ስንት እንደተቀነሰም የምታውቀው ከእሱው አፍ ነው።

«ታማኝ ነው ይባላል» አለችን እየሳቀች፣ «ግን ታማኝ መሆኑንም የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።»

አሁን ታች ስልክ ይዛለች። አንድሮይድ ስልኮች ላይ ቶክባክ የሚባል ስክሪኑን የሚያነብ ነገር አለ፤ ሴቲንግ ገብቶ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ሥር ይፈለጋል፤ አይከፈልበትም። ጣቷ የነካውን ያነብላታል፣ ሁለቴ መታ ስታደርገው ይከፍታል። ፒን ስትመታ ጎረቤት እንዳይሰማ ኢርፎን ታደርጋለች። አማርኛ ሲመጣ ግን የአማርኛ ድምፅ ካልተጫነበት ይዘለዋል። ኢስፒክ የሚባለው ነፃ ድምፅ አማርኛ ያነባል፤ እንደ ሮቦት ነው እንጂ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ፣ «አለ» ሲል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» እሷ ናት የምትገምተው። ለምዳዋለች።

ያልለመደችው ፎቶውን ነው። የራሽን ቀን ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አንዱ በስልኩ ያነሳና በዋትስአፕ ለሁሉም ይልካል። እኛ እናነበዋለን። የእሷ ስልክ «ፎቶ» ይልና ዝም። ከፎቶው ሥር ሁለት መስመር መጻፍ ለብሎክ ሊደሮቻችን ከባድ ነው ወይ?

በዚያ ቀን ሱቅ በር ላይ ቆሞ የነበረ ልጅ ይህን ሲሰማ ስልኩን አወጣ፣ ማስታወቂያውን ጮክ ብሎ በድምፅ ቀዳና ላከላት። ሃያ ሰከንድ አልፈጀበትም። እህታችን ላጋው ጋ እስክንደርስ ሁለቴ አዳመጠችው፤ ራሽኑ ለካ በማግስቱ ኖሯል።