ለአስር ሰከንድ ባለጌ መሆን

አዲስ አበባ ውስጥ ሁሉም ሰው አራዳ ነው። ፋራ የሚባለው ሁሌም ሌላ ሰው ነው፤ ወይ ትናንት ከክፍለ ሀገር የገባ፣ ወይ ከውጭ የመጣ ዲያስፖራ፣ ወይ ደግሞ ጎረቤታችን። እንግዲህ ሁላችንም አራዳ ከሆንን ያ ሁሉ ስልክ፣ ያ ሁሉ ቦርሳ፣ ያ ሁሉ የአንገት ሀብል የሚወሰደው ከማን ነው? መቼም ሌቦቹ እርስ በርስ እየተሰራረቁ አይኖሩም።

እኛ ጉዳዩን ስናጠና ቆይተናል። (ማጥናት ስንል ማኪያቶ ይዘን ማን እንዴት እንደተሸወደ እያወራን መሳቅ ማለታችን ነው። ጋዜጠኝነት ተምሮ ለተመረቀ ሰው ይሄም ምርምር ነው።) የደረስንበት ነገር ይኸውላችሁ፦ የዚህ ከተማ ኪስ አውላቂ ዋናው መሣሪያ ቀልጣፋ ጣቱ አይደለም። የእኛው ይሉኝታ ነው።

በጣም የታወቀውንና ያረጀውን ዘዴ እንውሰድ፣ ምራቁን። መንገድ ላይ እየሄዳችሁ አንዱ ድንገት ትከሻችሁ ላይ ትፍ ይላል። ወዲያው ደግሞ "ውይ! በናትሽ ይቅርታ፣ አላየሁሽም!" እያለ ሶፍት አውጥቶ ይጠርግላችኋል። ሰው አጥፍቶ ይቅርታ ሲጠይቅ ምን ይባላል? "ኧረ ምንም አይደል" ይባላል። ያደግነው እንደዚያ ነው። እሱ ሲጠርግ፣ እኛ "ምንም አይደል" ስንል፣ ጓደኛው በሌላ በኩል ስልካችንን ይዞ መንገድ ተሻግሯል። ታዲያ ማን ሰረቀን? ግማሹን ሥራ የሠራው "ምንም አይደል" ነው።

ሿሿም ያው ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ሿሿን የማያውቅ የለም፤ ለእንግዳ ግን እንንገር። ሚኒባስ ታክሲ አጠገባችሁ ይቆማል። ውስጡ ሦስት አራት ሰው አለ። ረዳቱ "ሜክሲኮ ነሽ? ግቢ" ይላል። ከገባችሁ በኋላ ግን ፋታ የለም። "እሱ ወንበር ተሰብሯል፣ ወደዚህ ጠጋ በይ።" "እህቴ፣ እባክሽ መስኮቱን ዝጊልኝ፣ አሞኛል።" "ትራፊክ አለ፣ ትርፍ ስለሆንሽ ጎንበስ በይልን።" የምትጠየቁት ሁሉ ትንሽ ነገር ነው፤ እምቢ ማለት ያሳፍራል። ከዚያ መቶ ሜትር ሳይሄድ "ይቅርታ፣ በዚያ በኩል አንሄድም" ተብላችሁ ትወርዳላችሁ። ታክሲው ከዓይን ሲሰወር ቦርሳችሁን ስትዳስሱት ቀሏል። ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ "አሞኛል" ያለችው ነጠላ የለበሰች ሴትዮም አንድ ቤት ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም፣ ምክንያቱም ሿሿ ምልክት አለው። እውነተኛ የታክሲ ረዳት የሚያስበው ስለ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ሂሳብና ስለ ሞላ። እናንተ የትኛው ወንበር ላይ እንደተመቻችሁ ግድ አይሰጠውም፤ ኖሮም አያውቅ። በሥራ መውጫ ሰዓት፣ ሰልፉ መገናኛን ዞሮ በተጠማዘዘበት ሰዓት፣ ባዶ ወንበር ይዞ ከተራው ውጪ እናንተ ፊት ብቻ የቆመ ታክሲ ካያችሁ ዕድለኛ ነኝ አትበሉ። ገብታችሁ ከሆነና ወንበር ማቀያየር ከተጀመረ ደግሞ ከሁሉም በፊት "ወራጅ አለ!" ነው። ቢቆጡም ይቆጡ። "ምን ሆነሽ ነው፣ አሁን አይደል እንዴ የገባሽው?" ይሏችኋል። አዎ፣ አሁን ነው የገባሁት፣ አሁን ልወርድ ነው።

ከመንገድ ዳር የወደቀ "ወርቅ" አግኝተው እንካፈል የሚሉትን በአጭሩ እንለፋቸው። እዚያ ላይ የሚሠራው ይሉኝታ ሳይሆን ስግብግብነት ስለሆነ ብዙም አናዝንም።

የምናዝነው ለጓደኛችን አክስት ነው። በዓል ሲደርስ ዕቃ ልትገዛ ወጣች። አንድ የገጠር ልጅ የሚመስል ጎረምሳ ቀረበና በትሕትና "እናቴ፣ እዚህ አካባቢ አንድ የሚጸልዩ አባት አሉ ብለውኝ ከሩቅ መጥቼ ነበር፣ ቤታቸውን ያውቁታል?" አላት። አላውቅም ስትል አንዲት ጥሩ የለበሰች ሴት በመንገድ ስታልፍ ሰምታ ቆመች። "አባን ነው? እኔን ከሞት ያተረፉኝ እሳቸው አይደሉ እንዴ!" ትንሽ ቆይቶ ሦስተኛ ሰው መጣ፣ ይሄኛው ከአባ ዘንድ ነው የሚመጣው። አክስትየውን ትኩር ብሎ አያትና "ቤትሽ የታመመ ሰው አለ፤ ከልጆችሽም አንዱ ርቆ ነው ያለው" አላት። እስቲ የታመመ ዘመድ የሌለው፣ ልጅ ወይም የእህት ልጅ ዐረብ ሀገር ወይም አሜሪካ ያልሄደበት የአዲስ አበባ ቤት አሳዩን! እሷ ግን ደነገጠች። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነው። ሀብሏንና ቀለበቷን አውልቃ በመሐረብ ቋጠረች፣ ጸሎት እንዲደረግበት ሰጠች፣ ቋጠሮውን መልሰው እጇ ላይ አስቀመጡላትና "ሃያ እርምጃ ሂጂ፣ ወደኋላ እንዳትዞሪ" አሏት። ሄደች። ስትፈታው ድንጋይ ነው።

ቤት ገብታ ያለችው አንድ ቃል ነው፦ "አፍዘውኝ ነው።" ቤተሰቡም በሙሉ ተስማማ። አፍዝ አደንግዝ ነው፣ ዓይኗ ላይ የሆነ ነገር ነፍተውባት ነው፣ መሐረቡ ላይ ዱቄት ነበረበት። ጎረቤት ሁሉ ቡና ላይ አንድ አንድ ታሪክ ጨመረበት።

እኛ በዚህ አንስማማም። አክስትየውን ያፈዘዛት ዱቄት አይደለም፤ ሦስት ሰው ተራ በተራ የተጫወተው ቲያትር ነው። የመጀመሪያው ርኅራኄዋን ያዘ፣ ሁለተኛዋ ጥርጣሬዋን አስጣለች፣ ሦስተኛው ጭንቀቷን ነካ። በዚያ መሐል "ይቅርታ፣ ቸኩያለሁ" ብሎ መሄድ ነበረ፤ ነገር ግን ስለ እግዚአብሔር ሰው እያወሩ ያሉ ሰዎችን እንዴት ጥሎ ይኬዳል? አፍዝ አደንግዝ የሚለው ወሬ የተሸወደን ሰው ከኀፍረት ያድናል፣ ያ ጥሩ ነው። የሚከፋው ግን ሌላው ከታሪኩ ምንም እንዳይማር ማድረጉ ነው። አስማት ከሆነ ምን ይደረጋል? ወሬ ከሆነ ግን መድኃኒቱ እግር ነው፣ መሄድ። ደግሞ በአስማት ተወሰደብኝ ያለ ሰው ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን አንቀጽ 692 ላይ ማታለልን በወንጀልነት ይቀጣል፤ ባለ መሐረቦቹም የሚጠየቁት በእሱ ነው። አክስትየው አልከሰሰችም። "ምን ብዬ? በእጄ አውልቄ ሰጠኋቸው ልበል?"

ንጥቂያ ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱ ከይሉኝታ ጋር አይገናኝም። ስልክ እያወሩ አስፋልት ዳር መቆም፣ ታክሲ ውስጥ መስኮት ከፍቶ መልእክት መጻፍ፣ ካፌ በረንዳ ላይ ስልክን እንደ ስኳር ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ (ዲያስፖራ ዘመዶቻችን፣ በተለይ እናንተ!)። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የከተማው አስተዳደር በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ሲጥል ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ሞተር ላይ ሆነው የሚፈጽሙት ወንጀል ነበር። ሞተሩ ቢቀንስም እግር አልተከለከለም። ቴሌብር ከመጣበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ስልክ ማለት ኪስ ቦርሳ ማለት ሆኗል፤ የሚሄደው የፎቶ ትዝታ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ደረቁን ነገር እንናገር። ስልካችሁ አሁን እጃችሁ ላይ እያለ *#06# ደውሉና የሚመጣውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ከጠፋ ከማንም ስልክ ለምናችሁ 994 ደውሉና ሲሙን አዘጉ፤ ማልቀሱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ለፖሊስ 991 ነው። ያገለገለ ስልክ በማይታመን ዋጋ ስታገኙም ዋጋው ለምን እንደወረደ አስቡት። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በሕጉ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ገዢ ባይኖር ደግሞ ሻጭ አይኖርም ነበር።

ከዚህ ሁሉ ምክር ጋር ግን የሚከነክነን አንድ ነገር አለ። መገናኛ፣ በግፊያው ሰዓት፣ አንዲት ሴት "ስልኬ! ሌባ!" ብላ ጮኸች። አጠገቧ የነበረው ካርቶን ላይ ሶፍትና ማስቲካ ደርድሮ የሚሸጥ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሞላው ነው፣ ልጅ ነበር። እውነት ነው፣ ካርቶኑን ኪሳችሁ ላይ ጋርደው በሥሩ እጃቸውን የሚሰዱ አሉ። ግን ማንም ልጁን ወስደሃል አልወሰድክም ብሎ አልጠየቀውም። ጥፊው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ወረደበት። መቶውም ሰው የራሱን የጠፋ ስልክ እያሰበ የሚመታ ይመስል ነበር። እኛም አለን፣ ቆመን አፋችንን ይዘናል። የገባችበት በቆሎ የምትጠብስ እናት ናት። ነጠላዋን ልጁ ላይ ጣል አድርጋ "በቃ! እናት የላችሁም? ፈትሹት እንጂ ምን ትገድሉታላችሁ!" አለች። ተፈተሸ። ኪሱ ውስጥ አሥራ አምስት ብርና አንድ ቁልፍ ነበር። ማስቲካው አስፋልት ላይ ተበትኗል፣ የለቀመለት እንኳን የለም፤ ከእሷ በቀር።

የኪስ አውላቂነትን ሥራ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ይነግራችኋል፦ የሚያጋጨው አንድ ነው፣ የሚያወጣው ሌላ ነው፣ ተቀብሎ የሚሄደው ሦስተኛ ነው። ስልኩ ገና ስትጮኹ የለም። አንዳንዴ "በዚህ ሮጠ! በዚህ!" ብሎ የሚያፋልጋችሁ ራሱ የቡድኑ ሰው ነው። ያ ሁሉ ዱላ አንድም ስልክ መልሶ አያውቅም።

ስለዚህ እኛ ለራሳችን ያወጣነው ሕግ ጠባብ ነው። ሰው ሁሉ ሌባ ነው ብለን አንሄድም፤ ያማ ከሆነ ላምበረት ወይም አውቶቡስ ተራ ፌስታሏን ይዛ የወረደች የገጠር ልጅ መንገድ ስትጠይቀን ጥለናት ልንሄድ ነው። እሷ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ለሌባ የተጋለጠች ናት፤ እኛ ካልነገርናት ማን ሊነግራት ነው፣ ደላላው? ባለጌነቱ ለአስር ሰከንድ ብቻ ነው። የማናውቀው ሰው ሲነካን፣ ሲገፋን፣ ሲተፋብን፣ "አንዴ" ሲለን፣ መጀመሪያ ሁለት እርምጃ ወደኋላ፣ እጅ ቦርሳ ላይ፣ አፍ ዝም። "ምንም አይደል" የለም፣ ፈገግታም የለም። የተተፋበት ልብስ የትም አይሄድም፣ በኋላ ይታጠባል። አስር ሰከንድ ካለፈ በኋላ ሰውየው እውነትም መንገድ ጠፍቶበት ከሆነ፣ ከነቦርሳችን ታክሲ ተራው ድረስ እናደርሰዋለን። እስከ ዛሬ በዚህ የተቀየመን ሰው ብዙ አይደለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ "የዛሬ ልጆች ሰላምታም አታውቁ" ብለውናል፤ ይቅርታ ጠይቀን ጦር ኃይሎች ታክሲ ውስጥ አስገብተናቸዋል።

በነገራችን ላይ ይህን የምታነቡት ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጣችሁ ከሆነ መስኮቱን ዝጉት። አጠገባችሁ ያለው ሰው ዝጉልኝ ስላላችሁ ግን አይሁን።