ሌሙሩ፣ ነሼሩና የአባ ጥያቄ

ባለፈው የፔሳሕ ዕረፍት የሙዓዶናችንን ሽማግሌዎች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይዘን ኢየሩሳሌም፣ ማልሓ አጠገብ ወዳለው የመጽሐፍ ቅዱስ እንስሳት ማሳያ ሄድን።

ልጆቹ ሌሙሮቹን ካዩ በኋላ ከዚያ የሚያነቃንቃቸው ጠፋ። ሌሙር የማዳጋስካር ደሴት እንስሳ፣ የዝንጀሮ ሩቅ ዘመድ ነው። ጭራው ጥቁርና ነጭ ቀለበት አለው፤ ጠዋት ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ እጆቹን ዘርግቶ ይሞቃል። ጫካው ለእርሻና ለከሰል እየተመነጠረ ስላለቀበት ከ2014 ጀምሮ በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተቆጥሯል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ አዘኑለት።

ወደ ትላልቆቹ ወፎች ስንደርስ ግን አፍንጫቸውን ያዙ። አንዱ ጽሑፉን አንብቦ «አባ፣ ነሼር ነው» አለ። አያቱ ቀረብ ብለው አዩና «ንስርማ አይደለም ልጄ፤ ይኸ ጥንብ አንሳ ነው» አሉት። ክርክሩ ሞቀ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፦ በዛሬ ዕብራይስጥ ነሼር የሚባለው አንገቱ የተመለጠው ጥንብ አንሳ ሲሆን፣ እኛ ንስር የምንለው ዐይት ይባላል። ነቢዩ ሚክያስም በምዕራፍ 1 የነሼርን መላጣነት ያነሣል፤ ልጁ ይህን ስንነግረው ደረቱን ነፋ።

ነሼር በዓመት የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ስለዚህ የሞተውን ለመተካት ብዙ ዓመት ይፈጃል። በግንቦት 2019 ጎላን ውስጥ 8 ነሼሮች በመርዝ አለቁ። ከብት ጠባቂ ለተኩላ ብሎ ጥንብ ላይ መርዝ ሲያደርግ፣ ቀድሞ የሚደርሰው ይህ ወፍ ነው። በማሳያው እንቁላሎችን በማሽን እያስፈለፈሉ፣ ጫጩቶቹ አድገው ወደ ዱር እንዲለቀቁ ያደርጋሉ።

ለአባ ግን ሌላ ነገር ማንበብ ነበረብን። በአገራችን በቄራ ዙሪያ የሚያንዣብበው፣ በልጅነታችን በድንጋይ ያባረርነው ትንሹ ጥንብ አንሳ ከ2015 ጀምሮ ከሌሙሩ በባሰ ደረጃ፣ ሊጠፋ በተቃረበው ረድፍ ተመዝግቧል። በአፍሪካ ዋናው ገዳዩ መርዝ ነው። አባ «ያ የሞላው ወፍ?» ብለው ደጋግመው ጠየቁን። ጥንቡን ማን ያነሣዋል ታዲያ፣ ውሻና ጅብ ብቻ? አሉ።

አውቶቡሱ ሲጠራን ልጆቹ ወደ ሌሙሮቹ ሮጡ። አባ ከነሼሩ ፊት ለመነሣት ጥቂት ዘገዩ፤ ሹፌሩም ጠበቃቸው።